የሁለት ቫይረሶች ዝምድና በቡሬ ገጠር

ከፍኖተ ሰላም የተነሳነው በግንቦት መጀመሪያ፣ ከጠዋቱ አንድ ሰዓት ላይ ነው። አብራኝ የነበረችው የእንስሳት ሐኪሟ ዶክተር ሰናይት ናት፤ እኔ ረዳቷ ነኝ። ለአያ ምናሉ የላቦራቶሪ ውጤት ልናደርስ ነበር። አያ ምናሉ አንድ በሬ ብቻ ያላቸው ገበሬ ናቸው፤ በየዓመቱ ከጎረቤታቸው ከአያ ፈንቴ በሬ ጋር እያቀናጁ ያርሱ ነበር። በበጋው አሮጌውን በሬ ሸጠው ከቡሬ ገበያ ሌላ ገዙ። አዲሱን በሬ አፍተግር ያዘው፤ ብዙም ሳይቆይ የመንደሩ ከብት አፉና ሰኮናው ቆሰለ። በሽታውን ያመጣህብን አንተ ነህ ተባሉ። በሬያቸው ቢድንም የሚያቀናጃቸው ጠፋ፤ ዝናቡ ደግሞ ደርሷል።

ከማንኩሳ ወዲያ አቧራው መስኮት አላስከፍት አለን። ቡሬ ላይ ሻይ በዳቦ ቀመስንና በእግር ቀጠልን። የጎረቤቶቹ ማሳ ሁሉ ተገልብጦ ቀይ አፈሩ ይታያል፤ የአያ ምናሉ ግን ሣር እንደለበሰ ነው።

ከዋርካው ሥር

ሰዉ ተሰብስቦ ጠበቀን። ከአያ ምናሉ በሬና ከሌሎቹ ከብቶች ምላስ ናሙና የወሰድኩት፣ በበረዶ ሣጥን አሽጌም የላክኩት እኔ ነበርኩ። ዶክተር ሰናይት፣ ላቦራቶሪው የቫይረሶቹን ዘር አስተያይቶ የአያ ምናሉ በሬና የመንደሩ ከብት የታመሙባቸው ቫይረሶች ዝምድናቸው በጣም የተራራቀ ሆኖ እንዳገኘው አስረዳች። ሰርግ ሲታሰብ ሰባት ቤት ቆጥረው ይጋባሉ፣ አይጋቡም የሚሉት አዛውንት አባ ጌትነት ቀና አሉ።

«እስቲ በእኛ አቆጣጠር ንገሪን፣ ልጄ።»

ወደ እኔ አየች። ዱላ ተውሼ መሬት ላይ አንድ ግንድ፣ ከታች ጀምረው የተለያዩ ሁለት ቅርንጫፎችም ሣልኩ፤ በአንዱ ጫፍ የአያ ምናሉ በሬ፣ በሌላው የመንደሩ ከብት። አባ ጌትነት ጎንበስ ብለው መስመሩን በጣታቸው ተከተሉት።

«እነዚህማ ይጋባሉ» አሉ። ሰዉ ሳቀ።

አያ ፈንቴ ብቻ አልሳቁም። ታዲያ በእኛ ላይ ማን አመጣብን ብለው ጠየቁ። ዶክተር ሰናይት ወረቀቱ ዝምድናን እንጂ ጥፋተኛን እንደማይናገር፣ የመንደሩ በሽታ ግን ከዚያ በሬ እንዳልመጣ መለሰችላቸው። አያ ፈንቴ ሥዕሉን ትኩር ብለው አይተው፣ ወደ አያ ምናሉ ሳይዞሩ፣

«ሞፈሩ እኔ ዘንድ ነው። ነገ በሬህን ይዘህ ና» አሉ።

አያ ምናሉ ማልደው እንደሚመጡ ብቻ ተናግረው ጋቢያቸውን አስተካከሉ። እሳቸው ቤት የዳጉሳ እንጀራ በሽሮ በልተን ተመለስን።

ፍኖተ ሰላም

ስንገባ መሽቶ ነበር። ስለ ዘር ውርስ ብቻዬን ከመጻሕፍት የለቃቀምኩት ነገር ለሰው ጓዳ ይጠቅማል ብዬ አስቤ አላውቅም። ለአፍተግር መድኃኒት የለንም፤ እውነቱን አጣርቶ ማድረስም ግን ሕክምና መሆኑን ያን ቀን ተማርኩ። አባቴ ስንት ከብት እንዳዳንን ጠየቁኝ።

«ያዳንነው ከብት የለም፤ ነገ ግን አያ ምናሉ ያርሳሉ» አልኳቸው።