ጃካራንዳው የነበረበት ቦታ

ነቀምቴ ውስጥ የተሞሸረ ሁሉ ከቤተ ክርስቲያን ወጥቶ ወደ መናፈሻው ይሄድ ነበር። ከአጎራባቿ ከተማ ከዲጋም በሚኒባስ እየጨፈሩ የሚመጡ ነበሩ። የሚመጡት ለአንድ ጃካራንዳ ነው። ከፋሲካ በኋላ ሐምራዊ አበባው ቬሎ ላይ ሲረግፍ አባቴ ፎቶ ያነሳቸዋል። እኛን ያሳደገን ያ ዛፍ ነው ብል አላጋነንኩም።

ከዚያ መናፈሻውን እንዲያድስ አንድ ሰው ተሾመ። ዛፎቹን አስቆርጦ ሲሚንቶ አስደፋበት፤ መሀሉ ላይም ፏፏቴ አሠራ። ፏፏቴው በተመረቀበት ቀን ውሃ ተፋ፤ ከዚያ ወዲህ የላስቲክ ቆሻሻ ማጠራቀሚያ ነው። አባቴ ጃካራንዳውን ብቻ ተውልኝ ሊል ሄዶ ከበር ተመለሰ። ሙሽሮቹም ወደ ሆቴሎች ግቢ ዞሩ። አባቴ ካሜራውን ሰቅሎ ቤት ዋለ፤ ቤት እንደዋለ ሞተ። ያን ሰውዬ አልረሳሁትም፤ መርሳትም አልፈልግም።

ዛሬ ካሜራውን የያዝኩት እኔ ነኝ። ባለፈው ጥር አንዲት ሙሽራ መናፈሻው ውስጥ ካልተነሳሁ አለች፤ ሟች እናቷ የሠርግ ፎቶዋን የተነሳችው እዚያ ነው። ስደርስ ከጎኗ ሙሉ ልብስ ለብሶ የቆመው አባቷ ያ ሰውዬ ሆኖ አገኘሁት። የገዛ ሠርጉን ዛፍ ነበር ለካ ያስቆረጠው። አርጅቷል፤ እኔን አላወቀኝም። ፀሐዩ አናት ይበሳል፣ የልጅቷ ኩል መፍሰስ ጀምሯል።

«ኢልማኮ፣ እስቲ ጥላ ፈልግልን» አለኝ፣ እንደ ልጁ አቅርቦ።

ደስ አለኝ። ሁለቱንም ወስጄ ከሲሚንቶው ብቅ ያለው ጉቶ አጠገብ አቆምኳቸው። እናትሽ የተነሳችው እዚህ ጋ በነበረው ዛፍ ሥር ነው፣ ያነሳትም አባቴ ነው አልኳት። ወደ አባቷ ዞረች።

«አባኮ፣ ማነው ያስቆረጠው?»

ካሜራውን ዓይኔ ላይ አድርጌ ጠበቅሁ። እኔ ነኝ ቢል፣ እውነቴን ነው፣ ቂሜን እዚያው እጥለው ነበር። ጉቶውን አየና «ምን አውቄ» አለ። ያኔ አነሳሁት።

ፎቶውን በትልቁ አሳጥቤ የሱቄ መስታወት ላይ ሰቀልኩት። ልጅቷ ፊቱን እያየች መልስ ትጠብቃለች፣ እሱ መሬት መሬቱን ያያል። አውርድ ብሎ ሁለት ጊዜ ሽማግሌ ላከብኝ። ሽማግሌዎቹን በክብር ተቀብዬ ሻይ አጠጣሁና፣ ለልጁ መልሷን የነገራት ቀን አወርደዋለሁ አልኳቸው። ፎቶው እስካሁን እንደተሰቀለ ነው።