ጣልያንኛ ብቻ የሚያውቀው መኪናችን

ቅዳሜ ከሰዓት... ከጣርማበር ዋሻ ወጥተን ቁልቁለቱን እንደጀመርን የሆነ ነገር ሸተተኝ። የተቃጠለ ነገር።

«ቢኒ፣ ምንድን ነው የሚሸተው?»

«ከፊታችን ያለው የጭነት መኪና ነው» አለኝ ባሌ።

ከፊታችን ምንም የጭነት መኪና አልነበረም።

ከመቀጠሌ በፊት... ባሌ ያገለገለ የጣሊያን ስፖርት መኪና አለው። ሁለት በር፣ ሁለት ወንበር፣ ማለቂያ የሌለው ወጪ። ሲገዛው «በርካሽ ነው ያገኘሁት» ብሎኝ ነበር። እውነቱን ነው፣ መግዣውማ ርካሽ ነው፤ የሚያራቁተው ማኖሩ ነው። ዘይት መቀየሪያው ብቻ የወር የቤት ኪራያችንን ያስንቃል። ጎማ ሲያልቅ ከዱባይ የሚመጣ ሰው ይለመናል። አንዴ ስፒድ ብሬከር ሆዱን ፋቀውና ለፍሪጅ ያጠራቀምነው ብር በአንድ ቀን ሄደ። ያን ቀን በንዴት «ከእንግዲህ ለዚህ መኪና አንድ ብር ብትጠይቀኝ ወይ እሱ ይሸጣል ወይ እኔ እናቴ ቤት እገባለሁ!» አልኩት።

ከዚያ ወዲህ የመኪናውን ወጪ አንድም ቀን አንስቶብኝ አያውቅም። እኔም ልብ ገዛ ብዬ ደስ አለኝ። ሞኝ!

የምንሄደው ጀውሃ ነበር፣ የአክስቴ ልጅ ሠርግ። ቢኒ ደግሞ በማግስቱ ሙሽራው ራሱ እየነዳ ሙሽሪትን እንዲወስድበት መኪናውን ሊያውሰው ቃል ገብቷል። አገሩ ሁሉ ይህን መኪና እየጠበቀ ነው።

ደብረ ሲናን አልፈን ስንወርድ ሽታው ባሰ። ብረት ከብረት ሲፋጭ የሚሰማ ድምፅም ተጨመረበት። ይሄኔ ከመሪው ጀርባ ያለችው ስክሪን ላይ ቀይ ጽሑፍ ቦግ አለ። ጽሑፉን አውቀዋለሁ፤ ለሳምንታት በቢጫ ሲበራ ነበር። እኔ መንጃ ፈቃድ የለኝም፣ መኪና አላውቅም። ምን እንደሚል ስጠይቀው «ቀበቶ እሰሩ ነው የሚለው። የጣሊያን መኪና ስለሆነ ሌላ ቋንቋ አያውቅም» ይለኝ ነበር።

«ቀበቶዬን አስሬያለሁ እኮ!» አልኩት።

 ግንባሩ ላይ ላብ ችፍ ብሏል።

ቀጥሎ ያለው መታጠፊያ ላይ አንድ የተጫነ አይሱዙ እያቃሰተ ይመጣል። ቢኒ ፍሬን ያዘ። እግሩ እስከ ወለሉ ድረስ ሲሄድ በዓይኔ አየሁት... መኪናው ግን አልቆም አለ። ማርሽ ቀነሰ፣ ሞተሩ አጓራ፣ የእጅ ፍሬኑን ጎተተ። ገደሉ ያለው በእኔ በኩል ነው። «እመቤቴ ድረሽ!» ብዬ ዓይኔን ጨፈንኩ።

ስገልጥ ቆመናል። በመስኮቱ ወደ ታች ሳይ መሬት የለም፣ አየር ብቻ።

የቀረውን መንገድ በአንደኛ ማርሽ እየዳኽን ሸዋ ሮቢት ገባን።  ባጃጆች ፎቶ ሊያነሱን ከበቡን። መንገድ ዳር የጭነት መኪና የሚጠግኑ ጋሽ ሰይድ የሚባሉ ሽማግሌ መካኒክ ጋ ቆምን።

ቢኒ ፈጠን ብሎ «ጋሼ፣ ትንሽ ሞቆት ነው። ውሃ ብቻ ይጨምሩልንና እንሂድ» አላቸው።

ጋሽ ሰይድ ውሃ አላነሱም። ጎንበስ ብለው ጎማውን አሸተቱ። ከዚያ አንገታቸውን በመስኮት አስገብተው ስክሪኗን ማየት ጀመሩ።

«እሱ ጣልያንኛ ነው ጋሼ፣ አይገባዎትም» አላቸው ባሌ።

ሽማግሌው ሳቁ። «ልጄ፣ እኛ ጋራዥ ውስጥ ምን አማርኛ አለ? ካንዴላው፣ ኩሽኔታው፣ ፍሪሲዮኑ፣ ማርሚታው... ሁሉም ጣልያንኛ አይደል እንዴ? ዕድሜዬን ሙሉ ጣልያንኛ ስፈታ ነው የኖርኩት!»

ጣታቸውን ጽሑፉ ላይ አድርገው አንድ በአንድ ለቀሙት።

«ፍ... ሬ... ኒ። ፍሬን ነው የሚለው። ወላሂ ፍሬን ነው!»

«ቀበቶ አይደለም?» አልኳቸው።

«ፍሬን ከሌለሽ ቀበቶ ምን ሊያደርግልሽ ነው ልጄ?»

 ቢኒን አየሁት፤ መሬት መሬት ያያል። መኪናው ውስጥ ገባሁና መሪው ላይ ያሉትን ቁልፎች መነካካት ጀመርኩ። «ተይው፣ ይበላሻል» አለኝ። አልተውኩትም። በመጨረሻ የቋንቋ ዝርዝር መጣልኝ። እንግሊዝኛ አለ። ፈረንሳይኛም አለ። የተመረጠው ግን ጣልያንኛው ነው። እንግሊዝኛውን ነካሁት።

ስክሪኗ አፏን ፈታች። የፍሬን ሸራ አልቋል፣ አይንዱ። የዘይት መቀየሪያ ጊዜ አልፏል። የኋላ ጎማዎች አልቀዋል...

«አንተ ነህ ቋንቋውን የቀየርከው?»

ጎንበስ ብሎ ጎማውን ማየት ጀመረ።

«ቢኒ!»

«ወጪ ከሰማሽ ትሄጃለሽ ብዬ ፈርቼ ነው» አለኝ። «ሸራውን በሚቀጥለው ወር ላስቀይረው ነበር...»

እውነት ለመናገር አንጀቴን በላኝ። ያንን ዛቻ የዛትኩት እኔ ነኝ። ግን ወዲያው ገደሉ ትዝ አለኝ። ቀጥሎ ደግሞ ሙሽሪት... ነገ እኔ የተቀመጥኩበት ወንበር ላይ ቬሎዋን ለብሳ።

ጋሽ ሰይድ እጃቸውን ዘረጉ። «ቁልፉን አምጣ። ሸራው አልቆ ብረት ለብረት ነው፣ የፍሬን ዘይቱም ፈልቷል። እስኪሠራ ከዚህች ንቅንቅ አይልም። እናንተም አልሐምዱሊላህ በሉ።»

ባሌ ቁልፉን ሰጣቸው።

ጀውሃ በሚኒባስ ገባን። መንገዱን ሙሉ ይቅርታ ሲለምነኝ ነበር፤ ይኸው እስከ ዛሬ አልታረቅኩትም።

መኪናውን ግን አልተቀየምኩትም። እሱ በጣልያንኛም ቢሆን እውነቱን ነው የነገረኝ... የተዋሸሁት በአማርኛ ነው።