ከመዳፍ የማይበልጥ ቁራጭ

ድሪቶ ሲባል ስድብ የሚመስለው ሰው አለ። እኔ ግን በድሪቶ የኖርኩ ሴት ነኝ። በደርግ ጊዜ ላሊበላ ላይ፣ ከገበያው ወረድ ብላ ባለች አንዲት ክፍል ደጃፍ ቁጭ ብዬ፣ አሮጌ ልብስ እየቆረጥኩ ብርድ ልብስ እደርት ነበር። ከሥር አቡጀዲ፣ ከመሃል ዕድሜ የጠገበ ጋቢ፣ ከላይ ቁርጥራጭ፤ ከዚያ ሦስቱን አንድ ላይ ይዞ ከዳር እስከ ዳር በእጅ መርፌ መውጋት ነው። ይሄ ምን ሥራ ነው የሚለኝ ሰው ካለ የላስታን ብርድ አያውቀውም ማለት ነው፤ ከእሱ ጋር ክርክር የለኝም።

ደንበኛ የሚፈልገው ነገር ግን እስከ ዛሬ ይገርመኛል። ገበሬው ካልከበደው አይሞቀውም፤ በእጁ አንስቶ መዘን መዘን ያደርግና "ይሄማ ላባ ነው" ብሎ ይመልስልኛል። ለገና የሚመጣው ተሳላሚ ደግሞ በትከሻው ተሸክሞት ስለሚሄድ ላባ እንዲሆንለት ይለምነኛል፣ ሙቀቱ ግን የገበሬውን ያህል እንዲሆን። አንድ መሪጌታ የሴት ቀሚስ ቁራጭ እንዳይገባበት አስምለውኛል። ልባሽ ጨርቅ የሚያመጣልኝ ነጋዴ በጆንያ ጠቅጥቆ ነው የሚያራግፍልኝ፤ የቱ የሴት እንደነበር የቱ የወንድ እኔ በምን ልወቀው። ማልኩላቸው። የቀበሌው ሊቀመንበር በበኩሉ ቀይ ጨርቅ በእግር በኩል እንዳይውል አዘዘኝ፤ ተኝቶ አብዮቱን እንዳይረግጥ ነው መሰለኝ። በራስጌ አደረግሁለት። ተገላብጦ ከተኛ እንግዲህ የራሱ ጉዳይ ነው።

ከሁሉም የሚበዙት ግን የሟች ልብስ ይዘው የሚመጡት ነበሩ። ባሏ የሞተባት፣ ልጇ የሞተባት፣ አርባው ካለፈ በኋላ ልብሱን ታቅፋ ትመጣለች። የእነዚህ ፍላጎት አንድ ነው፤ ሌላውን ቆርጬ ስደርት አንዲት ነገር ሳልቆርጥ እንዳስቀርላቸው። ኮሌታ ይሁን ኪስ፣ እንዳለ በራስጌ በኩል ይሰፋል፤ እጃቸውን እሱ ላይ ጣል አድርገው ይተኛሉ። ስለዚህ ልብስ ታቅፋ የመጣችን ሴት "የቱን ላስቀርልሽ?" ብዬ መጠየቅ የሥራዬ መጀመሪያ ነበር። ጥያቄውን ሳላስበው ነበር የምጠይቀው።

አንድ ቅዳሜ አንዲት የገነተ ማርያም ሴት መጣች። በዕድሜ ከእኔ ብዙም አትበልጥም። አውቃታለሁ፤ ለገበያ በመጣች ቁጥር ጎራ ብላ ሰላም ትለኝ ነበር። አንድያ ልጇ ጨው ሊገዛ ጋሸና በሄደበት ለብሔራዊ ውትድርና ታፍሶ፣ ከነስልቻው ካሚዮን ላይ ተጭኖ ከሄደ ሁለተኛ ዓመቱን ይዟል። መጀመሪያ ላይ አንድ ደብዳቤ ጻፈ፤ ከዚያ ወዲህ ጭጭ። ያን ቀን ነጠላዋን ፈታች፤ ቡናማ ኮት፣ ባለመስመር ሸሚዝ፣ ካኪ ሱሪ ፊቴ ዘረገፈች። ሦስቱም ታጥበው ታጥፈዋል። የልጁ ናቸው።

"የቱን ላስቀርልሽ?" አልኳት።

ቃሉ ከአፌ ከወጣ በኋላ ነው የደነገጥኩት። የሟች ልብስ ላመጣ የምጠይቀውን በሕይወት ላለ ልጅ ጠየቅሁ። ምላሴን በቆረጠው ብዬ ተመኘሁ። እሷ ግን አልተቆጣችም፤ እንዲያውም ጥያቄውን ስትጠብቀው የነበረች ነው የምትመስለው።

"ምንም እንዳታስቀሪ" አለችኝ። "ከመዳፌ የሚበልጥ ቁራጭ እንዳይኖር። ኪሱንም፣ ኮሌታውንም። ከሌላ ሰው ጨርቅ ጋር ቀላቅለሽ ድረቺው።" መዳፏን ዘርግታ ልኩን አሳየችኝ።

"ሲመለስ ምን ሊለብስ ነው ታዲያ?"

"አድጎ ነው የሚመለሰው። ይሄ አይበቃውም።"

እኔ ሞኟ፣ ሥራው እንዲያምርላት ፈልጋ መሰለኝ። ደቃቅ ቁራጭ መርፌ ይፈጃል፣ ዓይን ይፈጃል ብዬ ተነጫነጭኩባት። በሁለት ሳምንት ተመለሺ አልኳት። ከዚያ መቀሴን አንስቼ እንዳለችው አደረግሁ። የኮቱን ኪስ ስቆርጥ ውስጡ የጧፍ ሰም ደርቆ አገኘሁ፤ ልጁ ከመታፈሱ በፊት ቤተ ክርስቲያን ያገለግል ነበር። ኪሱን አራት ቦታ ከፈልኩት።

በሁለተኛው ቅዳሜ፣ ረፋዱ ላይ፣ የንስሐ አባቷና ወንድሟ ደጄ ላይ ቆሙ። እሷ በዚያን ሰዓት ገበያ ነበረች። አባ በርጩማዬ ላይ ተቀመጡና በሩን ገርበብ አድርጊው አሉኝ።

"ልጄ፣ ያ ልጅ አርፏል" አሉኝ። "አብሮት የታፈሰ የጎረቤት ልጅ እግሩን ቆስሎ ተመልሷል። በእጄ ቀበርኩት ነው የሚለው። ነገ ማለዳ ልናረዳት ነው።"

እኔ ጉልበቴ ላይ የያዝኩት የእሱን ድሪቶ ነበር።

አባ ቀጠሉ። እሷ ለገበያ ስትወጣ ጠብቀው የልጁን የልብስ ሳጥን ከፍተው አዩ፤ ልብሱ የለም። ታናሽ እህቷን ቢጠይቁ ላሊበላ ያለችው ድሪቶ ሰፊ ጋ ነው አለቻቸው። በእኛ አገር በሩቅ የሞተ ሰው አስከሬኑ ስለማይመጣ፣ ለቅሶው ላይ የሚዘረጋው ልብሱ ነው። አልቃሿ እያነሳች ታሳያለች፣ እናት አቅፋው ታለቅሳለች፣ ሰው ሁሉ ወደ እሱ እያየ ደረት ይመታል። ያን ልብስ ነበር ከእኔ ሊወስዱ የመጡት።

"ተቆርጧል" አልኩ።

"ምኑ?" አለ ወንድሟ።

"ሁሉም።"

ወንድሟ ቁርጥራጩ ላይ ተቀመጠ፤ ራሱን በሁለት እጁ ያዘ። አባ መስቀላቸውን እያገላበጡ "ታዲያ ምን ተዘርግቶ ሊለቀስ ነው? ልጁ እንደ ባዕድ ሳይለቀስለት ይቅር?" አሉ። እኔን አልወቀሱኝም። ቢወቅሱኝ ይሻለኝ ነበር።

"ኮቱን መልሼ እሰፋዋለሁ" አልኳቸው። "ነገ በጠዋት ራሴ አመጣላችኋለሁ።" ድንጋጤው ነው ያናገረኝ ብል ደስ ባለኝ። ግን ኩራትም ነበረበት፤ ላሊበላ ላይ እኔ የማልገጥመው ጨርቅ አለ እንዴ ብዬ ነው። እነሱ መርቀውኝ ሄዱ።

ድሪቶውን መተርተር ጀመርኩ። ቡናማውን ከቡናማው በምን ልለየው፤ ክርኑ ያለበትን በመገርጣቱ፣ አንገቱን በላቡ፣ ኪሱን በሰሙ አገኘሁት። አንዱን ቁራጭ ከአንዱ ሳገጥም ልጁ ፊቴ እየቆመ የሚመጣ መሰለኝ፤ ትከሻው ይኼን ያህል ጠባብ ነበር እንዴ እያልኩ ደነገጥኩ። አንዱን እጅጌ ጨርሼ ሁለተኛውን ስጀምር እናቲቱ ራሷ ደጄ ላይ ቆመች። ከገበያ ወደ ቤቷ እየተመለሰች ነው። ኮቱን ቡትቶ ውስጥ ወሸቅሁት።

"አለቀ?" አለችኝ።

"ገና ነው እህቴ።"

"ግን ቆረጥሽው? ሁሉንም?"

"ሁሉንም።"

"ኪሱንም?"

"ኪሱንም" አልኩ፤ እጄ ከቡትቶው ሥር ኪሱን እንደያዘ። ፊቷ በራ። "እመቤቴ ታክብርሽ" ብላኝ ሄደች። ሄጄ ልይዛት፣ ሁሉንም ልነግራት ፈልጌ ነበር፤ መርዶ ግን እንዲህ መንገድ ላይ አይነገርም። ተመልሼ መስፋቴን ቀጠልኩ።

በማግሥቱ ዶሮ ሲጮህ ኮቱን ጠቅልዬ መንገድ ጀመርኩ። ገነተ ማርያም ስደርስ ፀሐይዋ ሞቃለች፤ ግቢው በሰው ሞልቷል፣ የለቅሶ ድምፅ ግን የለም። እንዲህ ዓይነት ለቅሶ አይቼ አላውቅም። እሷ መሃል ላይ ቁጭ ብላለች፣ ዓይኗ ደረቅ ነው። ማለዳ ካረዷት ጀምሮ የምትለው አንድ ነገር ብቻ ነበር።

"ልብሱን አሳዩኝ። የሞተ ሰው ልብስ አለው። የልጄ ልብስ የታል? ካለ አምጡት፤ ከሌለ ልጄ አልሞተም።"

እየተማጸነች አይደለም፤ እንዳሸነፈ ሰው ነው የምትናገረው። ሴቶቹ እርስ በርስ ይተያያሉ። ያኔ ነው የገባኝ። ጥቅሉን ይዤ ልመለስ ዞር አልኩ፤ ግን አባ ቀድመው አይተውኝ ነበር። በእጃቸው ጠሩኝ። ጥቅሉን ከብብቴ የወሰደው ማን እንደሆነ እንኳ አላየሁም። አልቃሿ ኮቱን በሁለት ትከሻው ይዛ ወደ ላይ አነሳችው፤ ግቢው በአንድ ጊዜ ጮኸ።

እሷ ብቻ አልጮኸችም። ተነሥታ ኮቱን ተቀበለች፣ ጣቷን በስፌቱ ላይ አስኬደችው፤ ከትከሻ ወደ ክርን፣ ከክርን ወደ ኪስ። ኪሱ ጋ ስትደርስ ሰሙን ነካችው። የእኔን ስፌት ላስታ ውስጥ የማያውቀው የለም፣ ጋደም ያለ ድርብ ነው። ቀና ብላ ከዚያ ሁሉ ሰው መሃል እኔን ፈልጋ አገኘችኝ። እኔ ከቤቴ ስወጣ እጅሽ ይባረክ ትለኛለች ብዬ ነበር፤ እውነቱ ይሄ ነው፣ አልደብቅም።

"ልብሱ ከሌለ አያረዱኝም ብዬ ነበር ያስቆረጥኩሽ" አለችኝ ቀስ ብላ። "ቆራርጬ ከሰው ጨርቅ ውስጥ ደብቄው ነበር። አንቺ ቁጭ ብለሽ ገጣጥመሽ አመጣሽልኝ?"

ኮቱን አቅፋ መሬት ላይ ወደቀች፤ ለቅሶዋም ያን ጊዜ መጣ። እኔ ማልቀስም አልቻልኩም። እንዴት ላሊበላ እንደተመለስኩ ዛሬም አላስታውሰውም።

ከዚያ በኋላ ልብስ ታቅፋ የመጣችን ሴት ሁሉ ሥራ በዝቶብኛል እያልኩ መለስኩ። ድሪቶው ኮቱ የወጣበት ቦታ እንደተቦዳደሰ ጥግ ላይ ተቀመጠ። ልጥለውም ልደፍነውም እጄ አልሄደልኝም።

አርባው ካለፈ በኋላ በአንዱ ቅዳሜ መጣች። ጥቁር ለብሳለች፣ ኮቱን ታቅፋለች። ሰላምታም ሳትሰጠኝ ጉልበቴ ላይ አስቀመጠችውና ጥግ ላይ ወዳለው ድሪቶ እያየች "ጨርሺው" አለችኝ። መቀሱን አነሳሁ፣ መልሼ አስቀመጥኩት። ያን የሥራዬ መጀመሪያ የሆነውን ጥያቄ ልጠይቃት አልደፈርኩም፤ መሪጌታም ሊቀመንበርም ያልፈራሁ ሰው ይህችን ሴት ቀና ብዬ ማየት አቃተኝ።

ሳልጠይቃት መለሰችልኝ። መዳፏን ኪሱ ላይ አደረገች፤ ያን ቀን ልኩን ያሳየችኝን መዳፍ።

"ይሄን አትቁረጪው" አለችኝ። "ከነስፌትሽ በራስጌ በኩል አድርጊልኝ።"