ከበሩ ወዲያ

ሾፌሩ ጎብኚዎችን ወደ ሦስት ጥንታዊ ከተሞች ማመላለስ ከጀመረ አሥራ ዘጠኝ ዓመት ሞላው። አገሪቱ ትንሽ ናት፤ ካርታ ላይ የሚፈልጋት ሰው ጥቂት ነው። እሱ ግን የሦስቱንም ከተሞች መንገድ እንደ መዳፉ ያውቀዋል፣ እስከ ቅጥሩ በር ድረስ። ከበሩ ወዲያ ሰዎቹን ከአምስት ዓመት ወዲህ አብራው የምትሠራው ወጣት አስጎብኚ ትረከባለች፤ እሱ አውቶቡሱን ይጠብቃል።

ሲመለሱ እጇን እየጨበጡ ያመሰግኗታል። እሱን የሚጠይቁት መጸዳጃ ቤቱ የት እንደሆነ ነው። ቅናት አንጀቱን ሲበላው ይውልና ማታ ለሚስቱ ያማታል።

አንድ ቀን አስጎብኚዋ ከአውቶቡሱ ስትወርድ እግሯ ወለም አለ።

"ጋሼ፣ ዛሬ እርስዎ ይዘዋቸው ይግቡ። እርስዎ እንደሁ አውቶቡሱ ውስጥ በማይክ ስለፈልፍ ሁሉንም ሲሰሙኝ ነው የኖሩት" አለችው።

"ምን ገዶኝ!" አለና ኮቱን አስተካክሎ ገባ። ጠባቦቹን መንገዶች፣ የተቀረጹትን የእንጨት በረንዳዎች፣ ከመረገጥ ብዛት የተሞለጨውን የድንጋይ ደረጃ ሲያይ ግን የሸመደደው ሁሉ ጠፋበት።

"ይሄ ስንት ዓመቱ ነው?" አሉት አንዲት አሮጊት ጎብኚ።

"እንጃ እናቴ፣ እኔም ዛሬ ማየቴ ነው።"

ከዚያ በኋላ እንደነሱው እያንጋጠጠ አብሯቸው ዞረ። ሁለቴ መንገድ ጠፋባቸው፤ ማንም ቅር አላለውም።

አስጎብኚዋ እግሯን ዘርግታ የፊት ወንበር ላይ ጠበቀችው። "እንዴት ነበር ጋሼ?"

እስከዛሬ የቀናው በምስጋናው ነበር። አሁን የባሰው መጣበት።

"አምስት ዓመት ሙሉ ይህን ሁሉ ብቻሽን ስታዪ ነበር?" አላት ሞተሩን እያስነሳ። "እግርሽ እስኪሽር ደግሞ ምንም አትቸኩዪ።"