ሆድ የሌለው ጊታር

ባለፈው እሑድ ከሰዓት በኋላ፣ አጠገቤ የተቀመጠው ልጅ የጊታሩን ሳጥን ሁለት መቆለፊያዎች ቀጭ ቀጭ አድርጎ ክዳኑን ሲያነሳ፣ ከውስጥ የወጣው ሽታ ልናገር ያሰብኩትን ሁሉ አስረሳኝ። የደበዘዘ ከፋይ፣ የናፍታሊን፣ የዛገ ክርና የአሮጌ ቫርኒሽ ቅልቅል ነበር። በቴሌግራም የተዋወቅን የኤሌክትሪክ ጊታር ባለቤቶች፣ ቤቴል አንድ ትምህርት ቤት በሚያውሰን አዳራሽ በወር አንዴ እንገናኛለን። ሥርዓታችን ቀላል ነው፤ ተራው የደረሰው ይነሳና ስሙን፣ ሰፈሩን፣ ጊታሩ እንዴት እጁ እንደገባና ማን እንዳስተማረው ይናገራል፤ ከዚያ በቀኙ ለተቀመጠው ሰው ያቀብለዋል፣ ያም ትንሽ ሞክሮ ይመልስለታል። ሲወራ ያምራል። ሲሠራ ግን ያቀበለው ሰው ዐይኑን ከተቀባዩ እጅ ላይ አይነቅልም፤ ቀለበት ያደረገ ቀለበቱን አውልቅ ይባላል፤ ሻይ የያዘማ ጭራሽ አይሰጠውም። እኔ ከሁሉም በዕድሜ ስለምበልጥ፣ መጀመሪያ የመጣሁ ቀን የበሩ ጥበቃ ጀርባዬ ላይ ያለውን ጊታር እያየ፣ "ልጅዎ የቱ ነው?" ብሎ ጠይቆኛል።

ልጁ ጊታሩን ሲያቀብለኝ መጫወቱን ትቼ ጀርባውን ገለበጥኩት። አንገቱ ከገላው በሚጋጠምበት ቦታ፣ አውራ ጣት የምታህል ጭረት ነበር የምፈልገው።

"ምን እየፈለጉ ነው?" አለኝ።

"ምንም። ከማን ገዛኸው?"

"ለምን ይጠይቁኛል?" አለና ቀስ አድርጎ ከእጄ ወሰደው። አልፈረድኩበትም፤ እኔም ብሆን እወስደው ነበር። ጭረቷም አልነበረችም። ሽታው ግን ሠላሳ ምናምን ዓመት ወደ ኋላ ይዞኝ ሄደ።

ያኔ አየር ጤና የከተማው ጫፍ ነበር። ከዋናው መንገድ ወረድ ብሎ፣ ክረምት ላይ ጭቃው ጫማ በሚያስቀር መንገድ በሚደረስበት ግቢያችን ውስጥ እኔና እናቴ ብቻ ነበርን። እናቴ በልጅነቷ ከሐዲያ መጥታ ኮልፌ ገበያ ቅቤና ቡላ የምትነግድ፣ ቅቤ ውስጥ ባዕድ ነገር ሲገባ በአንድ ማሽተት የምታውቅ ሴት ነበረች፤ በዚህ ችሎታዋ ከመኩራቷ የተነሣ ሰውንም ሁሉ የተቀላቀለ ነገር አያጣውም ብላ ታሸት ነበር። ወተት የሚያመጣልንን ሰው ትጠረጥራለች፤ ቆጣሪ አንባቢውን ትጠረጥራለች፤ ዶሮዋ ሳትጥል ከዋለች ዶሮዋንም ትጠረጥራለች።

መንግሥት በተለወጠ በዓመቱ፣ መስከረም ላይ፣ የጓሮዋን ክፍል ጋሽ መላኩ የሚባል ሰው ተከራየ። ሠላሳ አምስት ዓመት ቢሆነው ነው፤ ቀጭን፣ የሸሚዙን ቁልፍ እስከ አንገቱ የሚቆልፍ፣ ሲናገር ድምፁ ከከንፈሩ ብዙም የማይርቅ ሰው ነበር። ለእናቴ "ሥራ እየፈለግሁ ነው" ከማለት በቀር ስለ ራሱ የነገራት የለም። ፍራሹንና ቡታጋዙን ተሸካሚ ተሸክሞለት ሲገባ፣ አንድ ረጅም ጥቁር ሳጥን ግን ራሱ አቅፎ ገባ። ጊዜው ደግሞ ቤት ለቤት ጠመንጃ የሚፈለግበት ነበር። እናቴ ከመስኮቷ ሆና ሳጥኑን ከጫፍ እስከ ጫፍ በዐይኗ ለካችና፣ "ፍራሹን ለሰው ሰጥቶ ሳጥን የሚያቅፍ ሰው አይታመንም" አለች።

በሳምንቱ በክፍሉ ግድግዳ ስንጥቅ አጮልቃ አየችው። አልጋው ጫፍ ላይ ተቀምጦ፣ ቀይ ጠፍጣፋ ነገር ጭኑ ላይ አጋድሞ፣ የግራ እጁን ጣቶች እያሯሯጠ በቀኙ ይመታዋል። ድምፅ የለም። ራሱን ይነቀንቃል፣ ዐይኑን ይጨፍናል፣ ደግሞ ፈገግ ይላል፤ ድምፅ ግን የለም። እናቴ እጇን ደረቷ ላይ አድርጋ ወደ አጥራችን ሄደች። ከአጥሩ ወዲያ የምትኖረው ጨርቅ ነጋዴዋ እማማ ዘይነባ፣ እናቴ በዓለም ላይ የማትጠረጥራት አንድ ሰው ነበረች።

"ጊታር ነው እባክሽ" አለች እማማ ዘይነባ ነገሩን ሰምታ። "በቴሌቪዥን አላየሽም?"

"ጊታር ሆድ አለው። ይኼ ሆድ የለውም። ደግሞ እንደ ሬዲዮ የሚዞር የሚዞር ነገር ተደርድሮበታል።"

እማማ ዘይነባ ወደ ጨርቆቿ ተመለሰች። ከዚያች ቀን ጀምሮ እናቴ ሰውየው በሬዲዮ ለሆነ ወገን ወሬ ያቀብላል ብላ ቆረጠች። በወሩ ከመርካቶ አንድ ጥቅል ሽቦ ይዞ ሲገባ ደግሞ ነገሩ አለቀ። እሷ ቀኑን ገበያ ስለምትውል፣ ከትምህርት ቤት ስመለስ ዐይኔን እንድጥልበት አዘዘችኝ። አሥራ አንድ ዓመቴ ነበር፤ ከሹመት ቆጠርኩት።

ስንጥቁ ላይ ዐይኔን ለጥፌ በቆምኩ በሦስተኛው ቀን፣ ከውስጥ "ቆመሽ ከምትደክሚ ገብተሽ ተቀመጪ" የሚል ድምፅ ሰማሁ። መሮጥ ነበረብኝ፤ እግሬ ግን ወደ በሩ ወሰደኝ። ጋሽ መላኩ በሩን ወለል አድርጎ ከፍቶ፣ በርጩማ የበሩ ደፍ ላይ አስቀምጦልኝ፣ ራሱ ክፍሉ ጥግ ወዳለው አልጋ ተመለሰ። ከዚያ በኋላም በሄድኩ ቁጥር በሩ እንደዚያው ወለል ብሎ ይከፈት ነበር፤ ብርድ ቢሆንም፣ ዝናብ ቢያስገባም። ለምን እንደሆነ የገባኝ እናት ከሆንኩ በኋላ ነው።

"ለምንድን ነው የማይጮኸው?" አልኩት።

"ይጮኻል። ኤሌክትሪክና ማጉያ ነው የሚፈልገው። ማጉያው የምጫወትበት የሙዚቃ ጓድ ንብረት ነበር፤ ጓዱ ሲበተን እዚያው ቀረ። ጆሮሽን እንጨቱ ላይ አድርጊ እስቲ።"

አደረግሁ። እንጨቱ ቀዝቃዛ ነበር፤ የቫርኒሹ ሽታ አፍንጫዬ ውስጥ ገባ። ከዚያ ክሩን ነካው፤ ድምፁም በጆሮዬ ብቻ ሳይሆን በጥርሴም ገባ፤ ጉንጬ ተንቀጠቀጠ፤ ውጭ ለቆመ ሰው ዝምታ የሆነው ነገር ሁሉ እንጨቱ ውስጥ ሞልቶ ነበር። ቀና ስል አንገቱ ሥር ያለችውን ጭረት አየኋት። "መኪና ላይ ስንጭነው ነው የተጫረችው፤ እኔን የምታመኝ ይመስለኛል" አለኝና ፈገግ አለ።

እንዲህ ተጀመረ። ከግማሽ ቀን ትምህርት፣ ከቤት ሥራ፣ ከውኃ መቅዳት የተረፈችኝን ጊዜ ሁሉ እዚያ ደፍ ላይ አሳለፍኩ። ጊታሩ ጭኔ ላይ ሲሆን ከእኔ ይከብዳል፤ ትከሻዬ ይዝላል፤ ክሩ ጣቴን ይሰነጥቃል። ጋሽ መላኩ አይቆጣም ነበር፤ ስሳሳት ጣሪያውን ያያል፣ ሳልሳሳት ደግሞ መሬቱን ያያል፤ ከዚህ ሌላ ምልክት አልነበረውም። ሽቦውን ለምን እንደገዛው ስጠይቀው፣ አንድ ቀን ማጉያ ቢያገኝ የሚሰካበትን ገመድ በጫፍና በጫፉ መሰኪያ አስሮ እንደሠራበት አሳየኝ። ማታ እናቴ "ምን አየሽ?" ስትለኝ "ተኝቶ ነበር" እላታለሁ። "ቀን የሚተኛ ሰው" ትላለች እሷ፣ ሌላ ጥርጣሬ እየጨመረች።

መጋቢት ላይ፣ አንድ ቅዳሜ፣ ጥፍሬን ልትቆርጥልኝ ግራ እጄን ያዘች። ጥፍሮቼ አጭር ነበሩ፤ የጣቶቼ ጫፍ ጠቁሯል፣ በእያንዳንዱም ላይ ቀጭን ቦይ ተቆፍሯል።

"ይኼ ምንድን ነው?"

ሰው ክፍል መግባቴን ብነግራት ምን እንደሚመጣ አውቃለሁ። ከዚያ የበለጠ ደግሞ ደፉ እንዳይቀርብኝ ፈራሁ። "ሽቦ ሲጠቀልል ይዤለት ነው" አልኳት።

"የምን ሽቦ?"

"የሬዲዮ።"

ያችን ቃል ማንም ከአፌ አላወጣትም። እናቴ ልትሰማት የምትፈልገው ቃል መሆኗን ስለማውቅ፣ ስለ ጣቶቼ መጠየቋን ትታ በዚያ እንድትያዝልኝ ብዬ ነው። ተያዘችልኝም። ጥፍር መቁረጫውን አስቀመጠች፣ ነጠላዋን ለበሰችና ወደ ቀበሌ ሄደች።

በማግስቱ ረፋድ ላይ ሊቀመንበሩና ሁለት ታጣቂዎች ግቢያችን ገቡ። ሰፈርተኛው አጥሩ ላይ ተሰበሰበ። ጋሽ መላኩ ሸሚዙን እስከ አንገቱ ቆልፎ ወጣ።

"ቤት ውስጥ መሣሪያ አለ?" አለው ሊቀመንበሩ።

"አዎ፣ አለ" አለ ጋሽ መላኩ።

አንደኛው ታጣቂ ጠመንጃውን ከትከሻው አወረደ። ጋሽ መላኩ ይኼን ሲያይ የተጠየቀው ሌላ መሣሪያ መሆኑ ገባውና ፊቱ አመድ መሰለ፤ "የሙዚቃ ነው፣ የሙዚቃ መሣሪያ ነው" እያለ እጁን ዘረጋ። ሳጥኑን አውጥተው እናቴ ቡላ በምታሰጣበት ሰሌን ላይ ከፈቱት። ሊቀመንበሩ ቁልፎቹን አንድ በአንድ አዟዟረ፣ የመሰኪያዋን ቀዳዳ በጣቱ ነካ፣ "ተጫወትና እንስማ" አለው። ተጫወተ። ከአጥሩ ላይ አንድ ሰው "ድዳ ነው" አለና ሳቅ ሆነ፤ ሊቀመንበሩ ግን አልሳቀም።

"የሬዲዮ ሽቦ ስትጠቀልል የቤቱ ልጅ አይታሃለች" አለው።

ጋሽ መላኩ ወደ እኔ ዞር አለ። ቁጣ አልነበረውም፤ ጥያቄም አልነበረውም። እኔ የእናቴን ቀሚስ ይዤ መሬቱን አየሁ። ያኔ አንድ ነገር ብናገር፣ "ጊታር እያስተማረኝ ነው" የምትል አንዲት ዓረፍተ ነገር ብናገር፣ ነገሩ እዚያው ያልቅ ነበር። ሰው ሁሉ እያየኝ ነበር። አልተናገርኩም።

"ቀበሌው ስብሰባ የሚጠራበት ማጉያ አለው" አለ ጋሽ መላኩ በመጨረሻ፤ "እዚያ ላይ ልሰካውና ስሙኝ።"

ይዘውት ሄዱ። እኔና እናቴ ግቢው ውስጥ ቀረን። ግማሽ ሰዓት ያህል ቆይቶ፣ ምሰሶ ላይ የተሰቀለው የቀበሌው ድምፅ ማጉያ ሁልጊዜ ስብሰባ ሲጠራ እንደሚያደርገው አጓራ፤ ሰፈሩም ደግሞ ምን ተፈልጎ ነው ብሎ ቆመ። ከዚያ ጊታሩ መጣ። መጀመሪያ አንድ ክር፣ እየተሰነጠቀ፣ በጡሩንባው ቆርቆሮ እየተንቀጠቀጠ፤ ከዚያ በባቲ ቅኝት ቀስ ብሎ የሚወርድ ረጅም ዜማ። ለወራት በጉንጬና በጥርሴ ብቻ የሰማሁት ነገር በየቤቱ ጣሪያ ላይ፣ በየመንገዱ፣ እስከ ኮልፌ ገበያ ይሄድ ነበር። ሴቶች ከየበራቸው ወጡ፤ ጋሪ ነጂ ጋሪውን አቆመ። እማማ ዘይነባ በአጥሩ በኩል አንገቷን አስግጋ፣ "ሆድ የለውም ያልሽው ይኼንን ነው?" አለቻት እናቴን። እናቴ እጇን በመቀነቷ እየጠረገች፣ የሚጠረግ ነገር ሳይኖርባት፣ እስከ መጨረሻው ሰማች።

ከቀበሌው ሲመለስ የሰፈሩ ልጆች ተከትለውት ነበር። ሰው ሁሉ በፈገግታ ተቀበለው፤ ትናንት ሰላምታ የነፈጉት ዛሬ ሰርግ ላይ ይጫወትልን ይሉ ጀመር። እናቴ ያለ በዓል ቀን የማታወጣውን ቡላ አውጥታ ምሳ ሠራችለት። በላ፤ አመሰገናት፤ ሳህኑን ራሱ አጥቦ መለሰ። በማግስቱ ጠዋት ፍራሹን ሲጠቀልል አገኘሁት።

ደፉ ላይ ቆምኩ። እሱ ገመዱን ጠቅልሎ ሳጥኑ ውስጥ አስቀመጠና ሳጥኑን ዘጋ።

"ጣቶችሽ ሲደድሩ ሕመሙ ይተውሻል" አለኝ። "እዚህ ድረስ ከደረስሽ በኋላ እንዳታቋርጪ።"

"የት ነው የምትሄደው?"

"ሥራ ወዳለበት" አለ፤ ለእናቴ የነገራትን ያህል ብቻ ነገረኝ። ያንን መልስ የሰጠኝ "የሬዲዮ" ካልኳት ቃል የተነሣ መሆኑን አውቄያለሁ። በጦር ኃይሎች መስመር በሚሄድ ታክሲ ላይ ሳጥኑን ጭኑ ላይ አጋድሞ ሄደ።

እናቴ ስለዚያ ቀን አንድም ጊዜ ተሳስቼ ነበር አላለችም፤ ክፍሏን ግን ለሁለት ዓመት ለማንም አላከራየችም፤ የተከራይ ጥያቄ ይዞ የሚመጣውን ሁሉ "ሰው አለበት" እያለች መለሰች። እሷ ካረፈች ቆይታለች፤ እማማ ዘይነባም የለችም፤ በግቢያችን ቦታ ፎቅ ቆሟል። እኔ የራሴን ጊታር የገዛሁት በሠላሳ ሁለት ዓመቴ፣ መድኃኒት ቤት ከተቀጠርኩ በኋላ ነው። መርካቶ የሙዚቃ ዕቃ የሚሸጡትን፣ በየሰርጉ የሚጫወቱትን፣ ያገኘኋቸውን ሁሉ ስለ እሱ ጠይቄያለሁ፤ ብዙዎቹ መጀመሪያ ለምን እንደምፈልገው ይጠይቁኛል፣ ስነግራቸውም የሚያምኑኝ አይመስሉም። ወደ ቡድኑ መጀመሪያ የመጣሁ ቀን ግን ማን እንዳስተማረኝ ስጠየቅ፣ በእሱ ላይ ደግሜ "ራሴን በራሴ" ብዬ ዋሸሁ።

ባለፈው እሑድ ተራዬ ሲደርስ ተነሳሁ። "ምሕረት እባላለሁ፣ አየር ጤና ነው ያደግኩት፣ ባለፈው የነገርኳችሁ እውነት አልነበረም" ብዬ ይኼንኑ ሁሉ ነገርኳቸው። የአባላቱን ማኅደር የምታዘጋጀው ሰላም የምትባል ልጅ ወረቀቷን ይዛ አጠገቤ መጣች።

"የአስተማሪዎን ሙሉ ስም ልጻፈው" አለችኝ። "ማን ነበር ያሉት?"

"መላኩ።"

"የአባታቸውስ?"

አፌን ከፈትኩ። ሽቦውን ቆጥረንበታል፣ እንቅልፉን ቆጥረንበታል፣ የሳጥኑን ርዝመት በዐይናችን ለክተንበታል፤ ስድስት ወር ሙሉ አንድ ግቢ ውስጥ እየኖርን በስንጥቅ ያላየነው ነገር አልነበረውም። የአባቱን ስም ግን እኔ አልጠየቅሁትም፤ እናቴ ታውቀው ከነበረም ይዛው ሄዳለች። ልጅቷ እስክሪብቶዋን ወረቀቱ ላይ አሳርፋ ትጠብቀኝ ነበር።

"መላኩ ብቻ ብለሽ ጻፊው" አልኳት።