የአያ አለነ ዜሮ ነጥብ

ፒያሳ ላይ ስልኩ ውኃ የገባበት፣ መስታወቱ የረገፈበት ሁሉ ወደ አስናቀች ኪዮስክ ነው የሚሮጠው። መነጽሯን አድርጋ፣ መበየጃዋን ይዛ አንገቷን ስትደፋ ሰላም ብትሏትም አትመልስም። ኩሩ ናት የሚሏት አሉ፤ ሐሰት ነው፣ ሥራ ይዛ ነው። ሬዲዮ ላይ ስትቀመጥ ግን ሌላ ሰው ትሆናለች። ጃፓኑንም ጣሊያኑንም አጥር ለአጥር እንደሚተዋወቅ ጎረቤት ነው የምታናግረው።

እኔ ህሩይ እባላለሁ፤ ባጃጅ ነጂ ነኝ። በአማተር ሬዲዮ ክበባችን ውስጥ ሥራዬ ባሕር ዛፍ ላይ ወጥቶ የአንቴና ሽቦ ማሰር ነው። ማይክ አይሰጡኝም። ቶሎ እናደዳለሁ፤ አንዴ አንዱን ሩሲያዊ በአማርኛ ልክ ልኩን ነግሬዋለሁ። ክበባችን ቁስቋም ሰፈር፣ ስማቸው በሚባለው ሊቀ መንበራችን ግቢ ውስጥ ያለች የቆርቆሮ ክፍል ናት። ፈቃድ አውጥተን ከባሕር ማዶ ሰዎች ጋር በሬዲዮ እናወራለን፤ በቃ ይኸው ነው። ሚስቴ ስልክ እያለ ምነው ይሄን ያህል መጮህ ትለኛለች።

በዓመት አንዴ፣ ጥቅምት ላይ፣ ትልቁ ውድድር አለ። ቅዳሜና እሑድ የዓለም አማተር ሁሉ አየር ላይ ወጥቶ የቻለውን ያህል ጣቢያ ያነጋግራል። ማነጋገር ስላችሁ ወሬ እንዳይመስላችሁ። የጥሪ ስም ትለዋወጣላችሁ፣ "አምስት ዘጠኝ" ትባባላላችሁ፣ ትለያያላችሁ። አምስት ዘጠኝ ማለት ጥርት ብለህ ትሰማለህ ማለት ነው። ሰውዬው ጨርሶ ባይሰማም አምስት ዘጠኝ ነው የሚባለው፤ ለእውነቱ ጊዜ ያለው የለም። ኢትዮጵያ አየር ላይ ብርቅ ስለሆነች እኛ አንዴ ብቅ ካልን አውሮፓ በሙሉ ይንጋጋብናል። የሌላ አህጉር ሰው ሦስት ነጥብ ያስገኛል፤ የገዛ አገራችሁ ሰው ግን ዜሮ ነው።

ይህን ሁሉ ያስተማሩን አያ አለነ ናቸው። የኤሌክትሪክ መምህር ነበሩ፤ ጡረታ ሲወጡ ወደተወለዱበት ወደ አምባ ጊዮርጊስ ተመለሱ። ጋሼ ስትሏቸው ፊታቸውን ያዞራሉ፤ የገበሬ ልጅ ነኝ፣ አያ በሉኝ ይላሉ። አስናቀችን መበየጃ ያስያዟት እሳቸው፣ ማይክ ያስጨበጧትም እሳቸው ናቸው። አባቷ በልጅነቷ ስለሞቱ በሠርጓ ቀን በአባት ቦታ ቆመው የመረቋትም እሳቸው ነበሩ።

ታዲያ አያ አለነ አምባ ጊዮርጊስ ገብተው እጃቸውን አጣጥፈው አልተቀመጡም። ከተበላሸ ቴሌቪዥንና ከአሮጌ ሬዲዮ ዕቃ እየፈቱ የራሳቸውን ማሰራጫ ሠሩ። በሞተር ሳይክል ባትሪ ነው የሚሠራው፤ ጉልበቱ ትንሽ ነው፤ እስከዚያ ድረስ ማንም ሰምቷቸው አያውቅም። አምና ከውድድሩ በፊት ለአስናቀች ደወሉላት። እሑድ ከሰዓት እጠራሻለሁ፣ ከሰማሽኝ ሸጋ፣ ካልሰማሽኝ የእጄ ሥራ እዚህ ግባ የሚባል አይደለም ማለት ነው፣ ያን ጊዜ እተወዋለሁ አሏት። እሷም አይጠራጠሩ፣ እሰማዎታለሁ ብላ ቃሏን ሰጠች።

እሑድ ከሰዓት ሥራው ጦፏል። አስናቀች ማይክ ላይ ናት፣ ስማቸው ከጎኗ ኮምፒውተር ላይ ይጽፋል፣ እኔ በር ላይ ተቀምጬ ቆሎ እቆረጥማለሁ። የጣሊያኑ፣ የጀርመኑ፣ የፖላንዱ ጩኸት የገበያ ቀን መናኸሪያ ነው የሚመስለው። ስማቸው ያለፈውን ውድድር ነጥብ ልናልፍ ነው እያለ "በይ፣ በይ" ይላታል። በመሀል አንዳች የቀጠነ ነገር ሽው አለ፤ ለኔ ጆሮ ሽውታ ብቻ ነበር። አስናቀች "ኢኮ ታንጎ" አለችና ቀጥ አለች። የጥሪ ስም ፊደል በፊደል በእንግሊዝኛ ቃላት ነው የሚጠራው፤ በኢኮ ታንጎ የሚጀምር የኢትዮጵያ ጣቢያ ነው። ከዚያ ጣሊያኑን ጠራችና ቀጠለች። ምላሷ ደክሟት የኛኑ የጥሪ ስም ጀምራ ያቋረጠች መስሎኝ ቆሎዬን ቀጠልኩ።

የሚጠሩን ጣቢያዎች ሰልፍ ሲሳሳ አምባ ጊዮርጊስን ደጋግማ ጠራች። መልስ የለም። ምነው፣ ምን ሆንሽ ብላት ምንም አለችኝ። ፊቷ ግን ጥቁር ብሎ ነበር።

ያን ዓመት ክበባችን ካየው ሁሉ የበለጠ ነጥብ አገኘን። ስማቸው በግ አረደ። ተሰብስበን ስንበላ አያ አለነ ሳይሰሙማ አይሆንም ብሎ ስልኩን ድምፅ ማጉያ ላይ አድርጎ ደወለላቸው። ሽማግሌው ደስ አላቸው፤ እያንዳንዳችንን በስም እየጠሩ መረቁን። የእርስዎስ ነገር እንዴት ሆነ ሲላቸው ሳቅ አሉ። የኔማ ድምፁ አይወጣም፣ ፈታታሁት፣ ሽማግሌ ደግሞ ሬዲዮ ምን ያደርግለታል አሉ። አስናቀች የያዘችውን ጥብስ ሳህኑ ላይ መልሳ ወጣች።

ከዚያ ወዲያ ክበብ አልመጣ አለች። እህል አልወርድ አላት፤ ከሳች። ባሏ ታመመች ብሎ ጠበል ሊወስዳት ሲል ነው አንድ ከሰዓት በባጃጄ ወደ ቤቷ ሳደርሳት "አቁም" ያለችኝ። አቆምኩ።

"ሰምቻቸው ነበር ህሩይ። የጥሪ ስማቸውን እስከ መጨረሻው ፊደል ሰምቻለሁ። ዜሮ ናቸው ብዬ አለፍኳቸው።"

ደሜ ፈላ። አባትሽ እኮ ናቸው፣ ምን ዓይነት ልብ ነው ያለሽ፣ ለጣሊያን ሦስት ነጥብ ብለሽ ነው ወይ እያልኩ ጮህኩባት፤ መንገደኛው ሁሉ ዞሮ አየን። ሰልፉ ሲሳሳ እጠራቸዋለሁ ብዬ ነበር አለች። በየቀኑ ስልክ ትደውልላቸውና ሳይጠራ ትዘጋዋለች። የሠሩት ነገር እኮ ይሠራል፣ አይረባም ብለው በኔ ምክንያት ፈቱት ብላ ስታለቅስ ጩኸቴን ተውኩ። በስልክ አይሆንም፣ አብረን እንሄዳለን አልኳት።

ስኳርና ዳቦ ይዘን በሚኒባስ ሄድን። መንገድ ላይ፣ ኮሶዬ፣ ሰው ሁሉ ለምሳ ሲወርድ እሷ ከወንበሯ አልተነቃነቀችም። አያ አለነ ግቢ ስንደርስ መጀመሪያ ያየነው ከቤቱ ጣሪያ እስከ ባሕር ዛፉ የተወጠረውን የአንቴና ሽቦ ነው። ባለቤታቸው ወይዘሮ የትነበርሽ ልብስ አስጥተውበታል። አንሶላ፣ ጋቢ፣ የሽማግሌው ካልሲ። አስናቀች ያንን ስታይ ከሽቦው ሥር ቆመች። አያ አለነ ከገብስ ክምሩ በኩል እጃቸውን እያራገፉ ሲመጡ ጉልበታቸው ላይ ወደቀች።

"አያ፣ ሬዲዮዎ ይሠራል። ሰምቼዎት ነበር።"

"አውቃለሁ" አሉ። "ልክ ስጠራሽ ኢኮ ታንጎ ብለሽ ቀጥ አላልሽም? እኔን ካልሆነ ማንን ልትጠሪ ኖሯል?"

ለካስ ያን ዕለት ሬዲዮአቸውን ታቅፈው እያንዳንዷን ቃል ሲሰሙ ኖረዋል፤ የዘጉት ካለፈቻቸው በኋላ ነው። ታዲያ ምነው አይወጣም አሉን ብዬ ጠየቅኋቸው። ሰምታኝ አለፈችኝ ልበል፣ በዚያ ሁሉ ሰው ፊት፣ በደስታዋ ቀን አሉ፤ ካስነሷት በኋላ ግን የተቆጡ መሰሉ። አስናቀች ተቀይመውኛል ወይ አለቻቸው።

"ሰልፍ ሲረዝም የአገር ሰው ይቆይ ብዬ ያስተማርኩሽ እኔው ነኝ፤ በምን አፌ እቀየማለሁ? ግን ከፍቶኛል። ያን ሳስተምርሽ የሚቆየው ሰው እኔ እሆናለሁ ብዬ አላሰብኩም ነበር።"

ወይዘሮ የትነበርሽ ጠላ ቀድተው፣ በቃ በሉ፣ እንግዳ አታስለቅሱ አሉ። አያ አለነም ይቅር ብዬሻለሁ አሏት። አስናቀች ግን ጠላውን ሳትነካ ተነስታ ልብሱን አንድ በአንድ እያጠፈች ሽቦውን ነጻ አወጣች። ወይዘሮ የትነበርሽ ልብሴን የት ላስጣ ነው ሲሏት ገበያ ወርዳ ገመድ ገዝታላቸው መጣች። የተፈታታውንም ማሰራጫ ሁለቱ አንገታቸውን ደፍተው መልሰው ገጣጠሙት። ስንመለስ መንገድ ላይ ይቅር አሉሽ እኮ ብላት፣ ይቅርታቸው ነው የገደለኝ አለች።

ዘንድሮ ጥቅምት ስማቸው ለምኖ ለምኖ ማይክ ላይ አስቀመጣት። እሱም ሌሎቹም ምንም አያውቁም፤ ከክበባችን የምናውቀው እኔና እሷ ብቻ ነን። እሑድ ከሰዓት አውሮፓ እንደ ልማዱ ሲንጋጋ አስናቀች ሁላችሁም ቆዩ ብላ የአያ አለነን የጥሪ ስም ጠራች። መልስ የለም። ደግማ ጠራች። ስማቸው ዜሮ እኮ ናቸው፣ ምን ነካሽ ሲላት ዓይኔን አፍጥጬ አየሁት። ጣሊያኖቹ እየሰለቻቸው አንድ በአንድ ሄዱ። እሷ ጠበቀች። ያ የቀጠነ ድምፅ ሽው አለ፤ አሁን እኔም ሰማሁት።

ወጉ አምስት ዘጠኝ ማለት ነበር። አፏን ከፈተችና ተወችው። ከዚያ በአማርኛ፣ ክበቡ በሙሉ እየሰማ፣ "አያ፣ ድምፅዎ በጣም ደካማ ነው። ግን ሰምቼዎታለሁ። አምናም ሰምቼዎት ነበር" አለች።

የስማቸው እጅ ኮምፒውተሩ ላይ ቀጥ አለ። ሁሉም ወደ እሷ ዞሩ። እሷ ማንንም አላየችም፤ ማይኩን በሁለት እጇ ይዛ ትጠብቃለች።

"ምነው ልጄ" አለ ድምፁ ከአምባ ጊዮርጊስ፤ "ይህን ማን ጠየቀሽ?"

ስማቸው የአያ አለነን የጥሪ ስም ጻፈ። ኮምፒውተሩ ከጎኑ ዜሮ አስቀመጠ።