የጀልባዋ መሪና እርጥቡ ጠፍር

ባለፈው እሑድ ደብረ ብርሃን ሠርግ ተጠርቼ ከመስፍን ጋር አንድ ጠረጴዛ ላይ አስቀመጡኝ። ፀጉሩ ሸብቷል፤ ድምፁ ግን ያው የጥንቱ ነው፣ ሦስት ጠረጴዛ ድረስ ይሰማል። ቁርጡ ሳይቀርብ ጀመረ። «ተማሪ ሳለን እዚችው ከተማ ጀልባ ሠርተናል! የመሪውን ማንሻ ገመድ የፈጠርኩት እኔ ነኝ። ምን ያደርጋል፣ የዚህ አገር ነፋስ ጉድ ሠራኝ እንጂ።» ሰዎቹ ሳቁ። እኔ አዋዜውን ወደ ራሴ ሳብኩ። ቂም በጊዜ ብዛት ይጠፋል ብለው የሚያጽናኑ ሰዎች አሉ፤ የእኔን ግን ጊዜ እንደ ቅቤ አንጥሮ ነው ያስቀመጠው።

የአንኮበር ቄስ ልጅ ነኝ። ደብረ ብርሃን አዳሪ ትምህርት ቤት የእንጨት ሥራ ያስተምረን የነበረው ሚስተር ቶማስ ከሕንድ የባሕር ዳርቻ የመጣ ሰው ነበር፤ ሁለት ሹራብ ደርቦ ሲንቀጠቀጥ ይውላል። ባሕሩ ናፍቆት ይመስለኛል፣ ከከተማው ወጣ ብሎ ክረምት በሚያጥለቀልቀው ሜዳ ላይ የምትሄድ ትንሽ ባለ ሸራ ጀልባ አሠራን። ከመካከላችን የተሻለ የሠራውን አንዱን ምጽዋ መርከበኛ ለሚያሠለጥኑት ሰዎች እጩ አድርጎ እንደሚያቀርብ ነገረን። እኔ ያደግሁት አንኮበር ገደል አፋፍ ላይ ነው። ጠዋት ጠዋት ቆላው ጉም ሲሞላበት ባሕር ማለት ይህን ይመስላል እል ነበር። እውነተኛውን ለማየት የማልሰጠው ነገር አልነበረም።

መስቀል አልፎ ውኃው ሲጎድል ጀልባዋ እንቢ አለች። ከኋላዋ ውኃ ውስጥ የሚወርደው፣ አቅጣጫ የሚያስይዛት የብረት መሪ ጭቃና ሣር እየያዘ ያቆማታል። ብዙ አሰብኩበት። አንድ አሮጌ የበር ማጠፊያ ፈልጌ መሪው ወደ ላይ እንዲታጠፍ አደረግሁ፤ እናቴ የበሶ አቁማዳዬን አስራ የላከችበትን የአሊዩ አምባ ቃጫ ገመድ ፈትቼ መሪው ላይ፣ ማጠፊያው አጠገብ አሰርኩና ጫፉን ወደ ነጂው መቀመጫ አመጣሁት። ሳብ ሲያደርጉት መሪው ይነሣል፣ ሲለቁት ይወርዳል። ገመዱ በሶ በሶ ይሸት ነበር።

ሚስተር ቶማስ ሲመጣ እኔ እስከ ወገቤ ውኃ ውስጥ ገብቼ ጀልባዋን ይዣለሁ። መስፍን ከላይ ተቀምጦ ገመዱን ሳብ ለቀቅ ያደርጋል።

«ይህን ያሰበው ማን ነው?»

«እኔ ነኝ፣ ጌታዬ» አለ መስፍን።

ብርዱ መንጋጋዬን አስሮት ነበር። አፌን እስክከፍት ተጨባብጠው ጨርሰዋል።

በኋላ ስጠይቀው አላፈረም። «ተው እንጂ ቄሱ! አንተ መርከብ ላይ ምን ልትሠራ ነው? ልትቀድስ?» ጓደኞቹ አብረው ሳቁ። መስፍን የሹም ልጅ ነበር፤ የሽቦ አልጋውን ከቤቱ አስጭኖ የመጣ ብቸኛ ተማሪ። አልጋውን ልብ በሉልኝ።

ጀልባዋ ምጽዋ የሚሄደውን ለሚመርጡት ትልቅ እንግዳ በምትታይበት ዕለት ጠዋት ሄጄ ገመዴን ፈታሁ።

«ምን እያደረግህ ነው?» አለኝ መስፍን።

«ልብስ ላሰጣበት። አንተ ፈጥረኸው የለ? ሌላ ፍጠር።»

«በናትህ! ዛሬ አታዋርደኝ!»

እስኪለማመጠኝ ጠበቅሁና፣ ነክሬ ያሳደርኩትን የበሬ ቆዳ ጠፍር ሰጠሁት። «ለምን ረጠበ?» አለኝ። «ውኃ ላይ ለሚውል ነገር ደረቅ ልስጥህ?» አልኩት። መሪው ወርዶ ሳለ ጠፍሩን በልኩ ወጥሮ መቀመጫው ላይ ራሱ ቋጠረው። በጠፍር አልጋ ተኝቶ ያደገ ሁሉ ያውቃል፤ ጠፍር እርጥቡን ይወጠራል፣ ሲደርቅ አጥሮ የአልጋ ቋሚ ያጣምማል። የሽቦ አልጋ ይህን አያስተምርም።

እንግዳው እንደ ትልቅ እንግዳ ሁሉ ዘገዩ። የጥቅምት ፀሐይና ከጣርማ በር በኩል የሚመጣው ደረቅ ነፋስ ሥራቸውን ሠሩ። ጠፍሩ ቀስ እያለ ሲነጣ ዳር ቆሜ አየሁት። መሪውን ወደ ላይ ሲስበው ግን ውኃው ድፍርስ ነውና ማንም አላየም።

መስፍን ሸራውን ዘረጋ፤ ጀልባዋ ተፈተለከች። መሪውን ወደ ግራ ቢል ወደ ቀኝ አትሰማውም። ቋጠሮውን ሊፈታ በጥርሱ ያዘው፤ እንደ ቀንድ ደርቋል።

«ይህ ልጅ ወዴት ነው የሚሄደው?» አሉ እንግዳው።

«ወደ ምጽዋ ነው፣ ጌታዬ» አለ አንዱ ከኋላ።

ጀልባዋ ከብቶች የሚጠጡበት ዳርቻ ደርሳ አዛባው ውስጥ ገለበጠችው፤ ሸራው በላዩ ወደቀ። ያን ዕለት የቆረጠምኩትን የገብስ ቆሎ ጣዕም ከዚያ ወዲህ አላገኘሁትም።

ምጽዋ የሄደው ሸራውን የሰፋው ዝምተኛ ልጅ ነው። ባሕር ላይ በወጣ ቁጥር ያስመልሰው እንደነበር ሰምቻለሁ። እኔ ባሕሩን እስከ ዛሬ አላየሁትም፤ መስፍንም እንዳያየው ማድረጌ ግን አልቆጨኝም።

ሠርጉ ላይ መስፍን ወደ እኔ ዞረ። «ቄሱ፣ ነፋሱን ታስታውሰዋለህ አይደል?»

«ነፋሱ አይደለም» አልኩት። «ጠፍሩ ነው።»

«የምን ጠፍር?» አለና ቁርጡን በአዋዜ አጥቅሶ ጎረሰ።

ከልቡ ነው፤ አያስታውሰውም። መጀመሪያ ገመዴን ለራሱ ወሰደ፤ ቀጥሎ በቀሌን ለነፋስ ሰጠብኝ። ይህን ሁሉ ዘመን ተበቅዬዋለሁ ብዬ ደስ ሲለኝ፣ ሰውየው መመታቱን እንኳ አላወቀም። ስለዚህ ጻፍኩት። የዚያችን ጀልባ መሪ በቃጫም በጠፍርም፣ ሁለቱንም ጊዜ ያነሣሁት እኔ ነኝ።